ስምንት ባዶ ቤቶች

አባቴ ድምፃቸውን ያጡት በሐኪም ቢላዋ ነው። ጉሮሯቸው ውስጥ የበቀለውን እብጠት ሊያስወጡ አዲስ አበባ ሄደው፣ እብጠቱም ድምፁም አብረው ወጡ። ነፍሳቸው ተረፈች። ከዚያ ወዲህ የሚናገሩት በትንፋሽ ብቻ ነው፤ ጆሮን ወደ አፋቸው ካላስጠጉ አይሰማም። እንፋሎቱ ጉሮሮ ይከፍታል ያለን ሰው ነበርና ወንዛዬ ፍል ውኃ ወስጄ ሁለት ሳምንት አስቀመጥኋቸው። ወገባቸው ተሻላቸው፣ ድምፃቸው ግን በዚያው ቀረ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ችሎ ይኖር ነበር። ጨርቅ ነጋዴ ሜትሩን በጣቱ እያሳየም መሸጥ ይችላል። አባቴ ግን ከጨርቅ ነጋዴነታቸው ይበልጥ የሚታወቁት በመንዙማ አውራጅነታቸው ነው። ከወረታ መጥተው ባሕር ዳር ገበያ ሱቅ ከከፈቱ ጀምሮ፣ መውሊድ ሲሆን፣ የታመመ ሲድን፣ መንገደኛ በሰላም ሲመለስ፣ ዓባይ ማዶ ያለው ቤታችን በሰው ይሞላል። ወንዶቹ ሳሎን፣ ሴቶቹ ከመጋረጃው ጀርባ። አባቴ ድቤያቸውን ታቅፈው እየመቱ ስንኙን ያወርዳሉ፤ ቤቱ በሙሉ አዝማቹን ይቀበላል። እኔም ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ከእናቴ ጎን ተቀምጬ እቀበል ነበር።

ከሚያወርዷቸው መንዙማዎች አንዱ ከአባታቸው የወረሱት ነው። ሌሎቹን ሌላም ሰው ያውቃቸዋል። ይህን ግን ከእሳቸው በቀር የሚያወርደው አልነበረም። ግጥሙ በአንድ ሰማያዊ ደብተር ላይ በእጃቸው ተጽፎ ተቀምጧል። ዜማው የተቀመጠው ጉሮሯቸው ውስጥ ነበር።

ስልክ አልነበረም ወይ፣ ይለኛል ሰው። ነበር። ከስልክ በፊት ካሴትም ነበር። እሳቸው ናቸው ያልፈቀዱት። ይቀዱልን፣ እንቅዳ እያልን ስንለምን መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «አንድ እጅ አያጨበጭብም። ይህ ሰው ባለበት የሚባል ነው፤ ኪስ ውስጥ የሚገባ አይደለም።» አንድ ጊዜ አንድ እንግዳ ስልኩን ከጉልበቱ ሥር ደብቆ ሲቀዳ አይተው፣ ድቤውን አስቀመጡና ውኃ ጠጡ። ሰውየው አፍሮ ስልኩን እስኪያጠፋ ድረስ አልቀጠሉም። እውነቱን ለመናገር፣ ከሕክምና ሲመለሱ ከሐዘኑ ቀድሞ የመጣብኝ ንዴት ነው። በእልኻቸው ቀበሩት ብዬ ተናደድሁባቸው። በታመመ አባት ላይ መናደድ እንዴት እንደሚያደክም የደረሰበት ያውቀዋል።

እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ሥዕልም፣ ሙዚቃም፣ ስፖርትም የማስተምረው እኔው ነኝ፤ ዕረፍት የሚባለው ክፍለ ጊዜ ላይ ደግሞ የቀረ መምህር እተካለሁ። ኖታ የተማርሁት ኮሌጅ ነው። ይኸው ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ሰሌዳ ላይ አምስት መስመር አስምሬ፣ አንድም የሙዚቃ መሣሪያ በሌለበት ክፍል ስድሳ ልጅ ዶ ሬ ሚ አስብላለሁ። ማታ ቤት ስገባ ጉሮሮዬ እንደ አባቴ ነው። ኖታ ለእኔ ለፈተና የሚወጣ ጥያቄ እንጂ የሰው ዜማ የሚኖርበት ነገር ሆኖ ታይቶኝ አያውቅም።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ተመልሼ ጫማዬን ሳወልቅ አባቴ በእጃቸው ጠሩኝ። ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ያ ለልጆቹ የምታስተምሪው ነጠብጣብ» አሉ። «የኔን ይጽፈዋል?»

«ኖታውን ነው አባባ?»

«እሱን። መጻፍ መቅዳት አይደለም። ኪታቡም ተጽፎ ነው እኛ ዘንድ የደረሰ።»

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል አልሁ በሆዴ። በአፌ ግን «ይጽፈዋል» አልኋቸው። ይጻፍ አይጻፍ የማውቀው ነገር አልነበረም።

በማግስቱ ለትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር መምህር ነገሩን አጫወትሁት። «ወረቀት ላይ ብትጽፊው ማን ያነብልሻል? ኮምፒውተር ላይ ከጻፍሽው የጻፍሽውን መልሶ ያሰማሻል» አለና በነፃ የሚገኝ የኖታ መጻፊያ ፕሮግራም በፍላሽ ገልብጦ ሰጠኝ። እንዴት ነው የሚሠራው ስለው፣ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብሎኝ ወደ ክፍሉ ገባ። እኔን የያዘኝ «ያሰማሻል» የሚለው ቃል ነው። አባቴ የጠፋውን ዜማቸውን ቁጭ ብለው በጆሯቸው ሊሰሙት ነው። ይህ ካልሆነ ደግሞ ዜማው ከእሳቸው ጋር መቃብር ይወርዳል። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ለሌላ ዘዴ ጊዜ አልነበረንም።

ላፕቶፔ ያገለገለ ነው። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ ከሶኬት ከተነቀለ ያን ጊዜውኑ ድርግም ይላል። ሳሎን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ አባቴን ከጎኔ አስቀምጬ፣ ፕሮግራሙን ከፈትሁት። ሥራ የጀመረው እኔን በመጠየቅ ነው። ርዕሱ ምን ይባላል? ደራሲው ማነው? በምን መሣሪያ ነው የሚጫወቱት? ለአንድ ቤት ስንት ምት? ፍጥነቱስ? መታወቂያ ላወጣ ቀበሌ የሄድሁ መሰለኝ። የመሣሪያው ዝርዝር ማለቂያ የለውም፤ በከረጢት የሚነፋ ዋሽንት ሁሉ አለበት፣ ድቤ ግን የለበትም። በመጨረሻ የሰው ድምፅ የሚለውን መረጥሁ።

«ደራሲው ማነው ይላል አባባ።»

«ከሰው ሰው የመጣ ነው በይው።»

«ስም ነው የሚፈልገው።»

«እንግዲያ ዝለይው።»

ዘለልሁት። ስለ ምቱ አላሰብሁበትም፤ ፕሮግራሙ አራት ብሎ ጠበቀኝ፣ እኔም እሺ አልሁት። ከአዝማቹ ጀመርሁ። አዝማቹን ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁት ነውና ጣቴ አልተቸገረም፤ ነጥቡን እየነካሁ መስመሩ ላይ ሳስቀምጥ ስምንት ቤት ሞላ። ባር የሚባለውን ክፍል እኔ ለተማሪዎቼ ቤት ነው የምላቸው፣ በግድግዳ የተለየ ስለሆነ። ኩራት ቢጤ ተሰማኝና የማሰሚያውን ምልክት ተጫንሁ። «ኡ» የሚል፣ የወንድም የሴትም ያልሆነ ድምፅ ወጣ።

አባቴ ደንገጥ አሉ። «ይህ ማነው?»

«ማንም አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ነው።»

«ማንም ካልሆነ ምን ሆኖ ያለቅሳል?»

ሳቅሁ። ከዚያ ወደ እሳቸው ስንኝ፣ ወደ ዋናው ዜማ ልሄድ ዘጠነኛው ቤት ላይ ቆምሁ። አፌን ከፈትሁ፤ ምንም የለም። ደብተሩን ገልጬ ግጥሙን አነበብሁ፤ ቃሉ አለ፣ ዜማው የለም። ሁለት ሦስቴ ሞከርሁ። የሚመጣልኝ አዝማቹ ብቻ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ እዚያ መጋረጃ ጀርባ ተቀምጬ አባቴ ሲያወርዱ የማደርገው ነገር ተራዬን መጠበቅ ነበር። ሰምቼዋለሁ፣ ግን አልያዝሁትም። ዘመዶቼ ዘንድ ስልክ ደወልሁ፤ ወረታም ይፋግም ያሉትን ጠየቅሁ። ሁሉም አዝማቹን በደስታ ያዜሙልኛል፤ ስንኙ ላይ ሲደርሱ «እሱንማ አባትሽ ናቸው» ይላሉ። ሁላችንም ተቀባይ ነበርን።

ተስፋ ቆርጬ ላፕቶፑን ልዘጋ ስል አባቴ እጄን ያዙኝ። ከዚያ የራሳቸውን እጅ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣ መዳፋቸውን ቀስ አድርገው ከፍ አደረጉ፤ ዝቅ አደረጉ። ገባኝ። በድምፃቸው ሊነግሩኝ የማይችሉትን በእጃቸው ሊያሳዩኝ ነው።

እንዲህ ተጀመረ። አንድ ነጥብ አስቀምጣለሁ፤ ኮምፒውተሩ «ኡ» ይላል። የአባቴ መዳፍ ወደ ላይ ካለ ወደ ላይ የምታመለክተዋን ቁልፍ እጫናለሁ፣ ድምፁ አንድ ደረጃ ይወጣል። መዳፉ ወደ ታች ካለ ወደ ታች። ልክ ሲሆን መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ያሳርፉታል። ርዝመቱን ደግሞ በጣታቸው ይመቱልኛል። አንዲት ቃል ለመጻፍ አንዳንዴ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብናል። እሳቸው በመሀል ይረሱታል፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ከመጀመሪያው በውስጣቸው ይጀምሩና እዚያ ቦታ ሲደርሱ ጉልበቴን መታ ያደርጉኛል። እኔ ስድስት ክፍል አስተምሬ የመጣሁ ሰው ነኝ። ሲጨፍኑ እኔም እጨፍናለሁ፤ ሁለት ጊዜ እንቅልፍ ወስዶኝ ጉልበቴን መትተው ቀስቅሰውኛል።

በሳምንቱ የጻፍነው ሲሰማ መንዙማ አልሆነም። እያንዳንዱ ድምፅ ልክ ነው፣ አካሄዱ ግን ያነክሳል። አባቴ በጣታቸው ጠረጴዛውን መቱ፤ ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት። እኔ ለካ ፕሮግራሙ አራት ስላለኝ ሦስቱን ምት እየለጠጥሁ የአራት ምት ቤት ስሞላበት ነው የከረምሁት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሳምንት ሙሉ የለፋሁበት ሁሉ እንደገና ነው። ማልቀስ አማረኝ፤ አላለቀስሁም፣ ግን አማረኝ። አዲስ ገጽ ከፍቼ በሦስት በሦስት አስቆጠርሁትና ቀጥታ በአባቴ ስንኝ ጀመርሁ። አዝማቹን እንደገና መጻፍ ታከተኝ። ማን የማያውቀውን ብዬ ስምንቱን ቤቶች ባዶ ተውኋቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ትግል ነው። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ አብሮ ይጠፋል፤ አስቀምጥ ማለት በረሳሁበት ቀን ሁለት ስንኝ ሙሉ አጣን። «ላም አለኝ በሰማይ» ብዬ ወንበሩን ገፋ አድርጌ ተነሣሁ። አባቴ ድምፅ በሌለው ሳቅ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁብኝ፤ ከዚያ ሻይ አፍልተው አመጡልኝ። ምቱን የምትቆጥረዋን ድምፅ ደግሞ በጭራሽ አልወደዷትም። «ሚስማር የሚመታውን አስወጭልኝ» ይላሉ። እሷን ማጥፋት ለመቻል ሦስት ቀን ወሰደብኝ።

ከሁሉ ያስቸገረችን አንዲት ድምፅ ናት። በየስንኙ መጨረሻ ላይ ትመጣለች። ነጥቡን አስቀምጣለሁ፣ የአባቴ መዳፍ ወደ ላይ ይላል። አንድ ከፍ አደርገዋለሁ፣ መዳፉ ወደ ታች ይላል። አንድ ዝቅ አደርገዋለሁ፣ ወደ ላይ። «አባባ ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ» አልኋቸው፣ ንዴቴን መደበቅ አቅቶኝ። «በመሀል ሌላ ድምፅ የለም።»

«አለ» አሉ።

«ኮምፒውተሩ የለም ነው የሚለው።»

«እሱ የት ያውቃል?»

አራት ቀን በእሷ ተጣላን። በአምስተኛው ቀን የፕሮግራሙን ማውጫዎች አንድ በአንድ ስከፍት ስዘጋ፣ የአንድን ድምፅ ልክ በጥቂት በጥቂቱ መሸራረፍ የሚቻልባት ትንሽ ሳጥን አገኘሁ። ቁጥር ጻፍሁባት፣ አሰማሁ። ጨመርሁ፣ አሰማሁ። ቀነስሁ። የአባቴ መዳፍ አየር ላይ ቆመ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ ዐረፈ። ዓይናቸውን ሲገልጡት ረጥቧል። እኔም ደስ አለኝ፤ በዚያ ሁሉ ወር ውስጥ ያለ ድካም የተደሰትሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አንድ እሑድ ቀኑን ሙሉ መብራት አልነበረም። ሥራ ስለሌለን በባጃጅ ሐይቁ ዳር ወሰድኋቸውና ዋርካው ሥር ተቀመጥን። እንጨት የጫነች ታንኳ በሩቁ ታልፋለች። አባቴ ታንኳዋን ብዙ አይተው ጆሮዬን ጠሩት።

«አባቴ ከወረታ ጨርቁን ጭኖ እስከ ውኃው ይወርድና በታንኳ ወደ ዘጌ ይሻገር ነበር፣ ቡና ሊያመጣ። ያንን መንዙማ የለመደው እዚያ ላይ ነው፣ ከጓደኛው። አንዱ ያወርዳል፤ አንዱ እየቀዘፈ ይቀበላል።»

«ሁለት ሰው ብቻ?»

«ሁለት ሰው።»

«ታዲያ ለእኛ ሲሆን ምነው ቤት ሙሉ ሰው ካልሆነ አሉ? ለቅጂ ስንለምንዎ?»

«ቤት ሙሉ መች አልሁ? ሰው ነው ያልሁ።»

ንዴቴ ተመልሶ መጣ። ሰው ማለት እኛ አይደለንም ወይ ብዬ ልጠይቃቸው ፈልጌ ተውሁት። ተነሥቼ ባጃጅ ጠራሁ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የመጨረሻዋን ነጥብ አስቀመጥሁ። አሥራ ስድስት ቤት የአባቴ ስንኝ፣ ከዚያ ስምንት ባዶ ቤት፤ ከዚያ እንደገና ሁለተኛው ስንኝ፣ እንዲህ እያለ እስከ ደብተሩ መጨረሻ። አስቀምጥ አልሁት፤ ሁለቴ አስቀምጥ አልሁት። አባቴ ዉዱእ አድርገው፣ ንጹሕ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ሰው የሚመጣ ይመስል ፊት ለፊት ተቀመጡ። ተጫንሁት።

ያ ማንም ያልሆነ ድምፅ የአባቴን ዜማ ጀመረ። እንደሚያለቅስ ነው፤ ግን ዜማው እሱ ራሱ ነው። የማውቀው ሆኖ ተሰማኝ፤ ከመጋረጃው ጀርባ ስጠብቅ ከፊቴ ሲያልፍ የነበረው ይህ ነው። የአባቴ ጣቶች ጠረጴዛውን ይመታሉ፣ ከንፈራቸው ከቃሉ ጋር ይሄዳል። ያቺ የተጣላንባት ድምፅ ስትመጣ ቅንድባቸውን አነሡልኝ። ስንኙ አለቀ። ድምፁን እየተከተለች ስክሪኑ ላይ የምትሄደው ሰማያዊ መስመር ባዶዎቹ ቤቶች ውስጥ ገባች።

ዝም። ውጭ ባጃጅ ጡሩምባ ነፋ። መስመሯ አንዱን ቤት አልፋ ወደ ሌላው ትሄዳለች፤ ውስጣቸው ምንም የለም። አባቴ ቀና ብለው ወደ መጋረጃው ዞሩ። መጋረጃው እናቴ የሰቀለችው ነው፤ ከሞተች ወዲህ አጥቤ መልሼ እሰቅለዋለሁ እንጂ ከጀርባው የሚቀመጥ ሰው የለም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሰዎቹስ?» አሉ።

«አዝማቹን ሁሉም ያውቀዋል ብዬ ተውሁት አባባ።»

«ሁሉም ማነው?»

በልቤ ቆጠርኋቸው። እናቴ የለችም። ጎረቤቶቻችን ግማሾቹ ቤታቸውን ሸጠው ሄዱ፣ ግማሾቹ ሞቱ። አባቴ ከታመሙ ወዲህ ቤታችን ሰው ተሰብስቦ አያውቅም። ከአባቴ ጉሮሮ የጠፋውን ለማዳን ስሯሯጥ፣ ከቤታችን የጠፋውን አላየሁም። በድካም የተውሁት መስሎኝ ነበር፤ አፈርሁ።

«አሁን እጽፈዋለሁ፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም» አልሁ።

እጃቸውን አወዛወዙ። «ድምፁን ዝጊው። አንች አውርጅ።»

«እኔ ተቀባይ ነኝ እንጂ አውራጅ ነኝ እንዴ?»

«ተጽፎልሽ የለ? እያየሽ አውርጅ። እኔ እቀበላለሁ።»

ድምፁን ዘጋሁት። ጉሮሮዬ ስድሳ ልጅ ላይ ሲጮህ የዋለ ነው፤ ጠረግ ጠረግ አደረግሁት። ስክሪኑን እያየሁ፣ በሃያ ዓመት መምህርነቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ኖታ አንብቤ ዜማ አወጣሁ። ድምፄ ሁለት ቦታ ተሰነጠቀ። ያቺን ድምፅ ስቻት ተመልሼ አገኘኋት። ስንኙን ጨርሼ አባቴን ጠበቅሁ።

አባቴ በረጅሙ ተነፈሱና እጃቸውን ወደ ውኃው ብርጭቆ ሰደዱ። አንድ ጉንጭ ጠጡ። ከዚያ ነው የሚቀበሉ መሆናቸው ትዝ ያላቸው፤ በትንፋሽ አዝማቹን ሲጀምሩ አራት ቤት አልፏል። ቃሉንም አዘዋወሩት። እኔ ሁለተኛውን ስንኝ ልጀምር ስል እሳቸው ገና መሀሉ ላይ ናቸው። ያን ጊዜ ገባኝ። ዕድሜ ልካቸውን አዝማቹ ሲባል የሚተነፍሱበት፣ ውኃ የሚጠጡበት ጊዜ ነበር። ተቀብለው አያውቁም።

«እኔ ስጨርስ አይደለም አባባ» አልኋቸው። «ሳልጨርስ ነው የሚገቡት። የመጨረሻዋን ቃል ስጎትታት ይግቡ።»

«ሳትጨርሽ?»

«ሳልጨርስ። እናቴ ያስተማረችኝ እንደዚያ ነው።»

ጥቂት አሰቡና፣ «እንግዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ስታቋርጠኝ ኖራለች!» አሉ። ሁለታችንም ሳቅን፤ የእኔ ብቻ ተሰማ።

እንደገና ጀመርሁ። የመጨረሻዋን ቃል ስጎትታት ገቡ። ትንፋሽ ብቻ ነው፤ ድሮ ሱቁ ውስጥ የጨርቅ ጣቃ ሲዘረጉ እንደሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነው። ግን በቦታው ነው፤ ስምንቱን ቤቶች አንድም ሳይቀር ሞሏቸው። ስምንተኛው ላይ ዓይናቸውን አንሥተው እኔን ጠበቁ። ሁለተኛውን ስንኝ አወረድሁ፤ ተቀበሉ። ሦስተኛውን አወረድሁ። አራተኛው ላይ ድምፄ ጠፋ።

«ድገሚው» አሉ።

«ደክሞኛል አባባ።»

«እኔንም ደክሞኛል» አሉ፣ የውኃውን ብርጭቆ ወደ እኔ እየገፉ። «ድገሚው።»

ውኃውን ጠጣሁና አወረድሁ።